የካ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ ኮተቤ ካለው ቤቴ መጣች። ቡናው እንኳን ሳይፈላ፣ «ጋሼ፣ አንድ ቁጥር ብቻ ፈልግልኝ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ በትርፍ ጊዜዋ አንድ አነስተኛ የእናቶች ማኅበርን ታግዛለች። እናቶቹ ከእንጦጦ ጫካ ማገዶ ተሸክመው በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ ከተማ የሚወርዱ ናቸው። ማኅበሩ የሚፈልገው ትልቅ ነገር አይደለም። እናቶቹ ተራራ ሲወጡ ልጆቻቸውን የሚያቆዩበት አንድ የሕፃናት ማቆያ ነው። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ለመጠየቅ የፕሮጀክት ሰነድ አዘጋጁ። ሰነዱ ግን ተመለሰባቸው። ስሙን የማልጠቅሰው ለጋሽ ድርጅት ከጻፋቸው አስተያየቶች የመጀመሪያው፣ «የክፍለ ከተማው የሕዝብ ቁጥር እርስ በርሱ ይጋጫል» የሚል ነበር።

ሰነዱን ገልጬ አየሁት። እውነታቸውን ነው። ገጽ ሁለት ላይ አንድ ቁጥር፣ ገጽ ዘጠኝ ላይ ሌላ፣ አባሪው ላይ ደግሞ ሦስተኛ። የሦስቱም ምንጭ ተብሎ የተጻፈው «ስታቲስቲክስ» ነው። «የቱ ነው ትክክሉ?» አለችኝ። መልሴ ግራ አጋባት። ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሦስቱም ደግሞ ለምትፈልጊው ነገር ላይሆኑ ይችላሉ አልኳት።

እንጀራዬ ከቁጥር ጋር የተያያዘ ስለሆነ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይዞ የሚመጣብኝ ሰው ጥቂት አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ፣ የንግድ ዕቅድ የሚያዘጋጅ ነጋዴ፣ ዜና የሚጽፍ ጋዜጠኛ ሁሉ ወደ ብሔራዊው የስታቲስቲክስ ድረ ገጽ ይገባል። ብዙ ሰነድ ያያል፤ የፈለገውን ሳያገኝ ወይም ያልፈለገውን ይዞ ይወጣል። በመሠረቱ ችግሩ የኮምፒውተር ችሎታ አይደለም። ምን እንደምንፈልግ፣ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚገኝ የነገረን ሰው የለም። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ለእህቴ ልጅ ያልኳትን ለአንባቢያንም ልድገመው።

ቤቱ ስሙን ቀይሯል

በመጀመሪያ የቤቱን ስም ማወቅ ያስፈልጋል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት ተብሎ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት፣ ቀጥሎ ባለሥልጣን፣ በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 442 ደግሞ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ተባለ። በ2014 ዓ.ም. የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር በወሰነው አዋጅ ቁጥር 1263 የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ሆነ። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ሲቀይር የድረ ገጹም አድራሻ አብሮ ተቀየረ። «ሲኤስኤ» ይባል የነበረው አድራሻ ዛሬ «ኢኤስኤስ» ነው።

ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ባለፉት ሃያ ዓመታት ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ መጻሕፍት፣ የጥናት ወረቀቶችና የመንግሥት ሰነዶች በግርጌ ማስታወሻቸው የሚጠቅሱት የድሮውን አድራሻ ነው። ያንን ተከትሎ የሚሄድ ሰው ቤቱ የተዘጋ ይመስለዋል። መፍትሔው የሪፖርቱን ሙሉ ርዕስና ዓመቱን ይዞ በአዲሱ አድራሻ መፈለግ ነው። እዚያ ከጠፋ ደግሞ የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ የድሮውን አድራሻ ጽፎ መሞከር ይቻላል። የ1976፣ የ1987 እና የ1999 ዓ.ም. ቆጠራዎች የናሙና መዛግብት በአሜሪካው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሚተዳደረው አይፐምስ በተባለው የመረጃ ቋት ውስጥም ለተመራማሪዎች ተቀምጠዋል። የአገራችንን ቁጥር በባዕድ አገር መፈለግ ቅር ያሰኛል፤ ቢሆንም ከማጣት ይሻላል።

አራቱ መደርደሪያዎች

ሁለተኛው ጥያቄ፣ የምንፈልገው ቁጥር ከየትኛው ወገን ነው? የሚለው ነው። ድረ ገጹ ላይ ያለውን ሁሉ በአራት መደርደሪያ ከፍሎ ማሰብ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

የመጀመሪያው ቆጠራ ነው። ቆጠራ ማለት ቤት ለቤት ተሂዶ እያንዳንዱ ሰው የተመዘገበበት ነው። ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ቆጠራ ያካሄደችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። አዲስ አበባ በመጀመሪያው 1.4 ሚሊዮን ገደማ፣ በሁለተኛው 2,112,737፣ በሦስተኛው 2,739,551 ሕዝብ ተቆጥሮባታል። እስከ ክፍለ ከተማና ከዚያም በታች የሚወርድ፣ ወንድና ሴቱን፣ ሕፃንና አዛውንቱን ለይቶ የሚነግረን ይህ መደርደሪያ ነው። በ1999 ቆጠራ የካ ክፍለ ከተማ 346,664 ነዋሪ ነበረው። ከኮልፌ ቀራንዮ 428,895 ቀጥሎ የከተማዋ ሁለተኛ ሕዝብ የበዛበት ክፍለ ከተማ ማለት ነው። የእህቴ ልጅ ሰነድ ገጽ ሁለት ላይ የነበረው ይኸው ቁጥር ነው።

ሁለተኛው ትንበያ ነው። ትንበያ የተቆጠረ ሰው አይደለም። የመጨረሻውን ቆጠራ መነሻ አድርጎ፣ ስንት ይወለዳል፣ ስንት ይሞታል፣ ስንት ይፈልሳል የሚሉ ግምቶችን በመጨመርና በመቀነስ የሚሰላ ነው። መሥሪያ ቤቱ በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ወረዳ የሚወርድ ትንበያ አውጥቶ ነበር። ትንበያ ለአገርና ለክልል ሲሆን ይበረታል፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ግን ይሳሳል። ለምን ቢባል፣ አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት ሲከፈት ወይም አንድ የመሀል ከተማ ሰፈር ሲፈርስ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ሕዝብ ስሌቱ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ገጽ ዘጠኝ ላይ የነበረው ቁጥር ከዚህ የመጣ ነው።

ሦስተኛው የናሙና ጥናት ነው። የሥራ ኃይል ጥናት (1991፣ 1997፣ 2005 እና 2013 ዓ.ም.)፣ የከተማ ሥራና ሥራ አጥነት ጥናት፣ የቤተሰብ ገቢና ፍጆታ ጥናት፣ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት (1992፣ 1997፣ 2003 እና 2008 ዓ.ም.)፣ በየዓመቱ የሚወጣው የእርሻ ናሙና ጥናት ሁሉ እዚህ ይገኛሉ። እነዚህ ጥናቶች ስለ ሰው አኗኗር ከቆጠራ የበለጠ ይነግሩናል። ነገር ግን የሚናገሩት ናሙናው በተወሰደበት ደረጃ ነው። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዲስ አበባን እንደ አንድ ያያታል። ከዚያ ውስጥ «የየካ ሕፃናት» ብሎ ቁጥር የሚያወጣ ሰው ጥናቱ ያልተናገረውን እያናገረው ነው።

አራተኛው በየወሩ የሚወጣው የሸማቾች ዋጋ መለኪያ ነው። ጋዜጦች የዋጋ ግሽበት ይህን ያህል ደረሰ ብለው የሚዘግቡት ከዚህ ነው። እዚህ ላይ የሚፈለገው ጥንቃቄ አንድ ብቻ ነው፤ የመነሻ ዓመቱን ማየት። መነሻው በተለያየ ጊዜ ስለተቀየረ፣ የድሮውን ጠቋሚ ቁጥር ካዲሱ አጠገብ አስቀምጦ ማነጻጸር ሜትርን ከክንድ ጋር እንደማነጻጸር ነው።

ከአራቱ መደርደሪያዎች ውጪ አንድ ሌላ የቁጥር ምንጭ አለ። ወረዳዎች ለራሳቸው ሥራ የሚይዙት የነዋሪዎች መዝገብ ነው። አባሪው ላይ የነበረው ሦስተኛ ቁጥር የተገኘው ከዚህ ዓይነቱ መዝገብ ነበር። መዝገቡ ለአስተዳደር ይጠቅማል፤ ነገር ግን ቤት ተከራይቶ ያልተመዘገበውን አይጨምርም፣ ለቆ የሄደውን ቶሎ አይሰርዝም። የስታቲስቲክስ ቁጥር ብሎ መጥራት ስህተት ነው።

የትኛው የካ?

እዚህ ላይ ስደርስ የእህቴ ልጅ፣ «እንግዲያውስ 346,664ን ይዤ ልሂድ» አለች። አይሆንም፤ ምክንያቱም በ1999 የነበረው የካ ዛሬ የለም።

አዲስ አበባ በ1987 ቆጠራ ጊዜ የተከፋፈለችው በ28 ወረዳዎች ነበር። ክፍለ ከተማ የሚባለው አደረጃጀት የመጣው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ አሥር ክፍለ ከተሞች ተቋቋሙ። ከሥራቸው የነበሩት ቀበሌዎች ኋላ ላይ ወረዳ ተባሉ። ስለዚህ በ1987 ሰነድ ላይ «ወረዳ» የሚለው ቃልና ዛሬ «ወረዳ» የምንለው አንድ አይደሉም። ከዚያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ አሥራ አንደኛው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ተመሠረተ። በ1999 የካ ብለን ከቆጠርነው መሬት ከፊሉ ዛሬ በለሚ ኩራ ሥር ነው። አያትን የመሳሰሉ፣ ሕዝብ እንደ ጎርፍ የገባባቸው የምሥራቅ ጫፍ ሰፈሮች ማለት ነው።

ስለዚህ 346,664ን ወስዶ በዓመታዊ የዕድገት መጠን እያባዛ የዛሬውን የካ አገኘሁ የሚል ሰው፣ ሁለት ስህተት ይሠራል። የሌለ ወሰን ይዟል፤ ዕድገቱ በዋናነት የተካሄደበት ቦታም ከክፍለ ከተማው መውጣቱን ዘንግቷል። እንጦጦ ሥር ያሉት የካ ሚካኤል፣ ፈረንሳይና ቀበና የመሳሰሉት ነባር ሰፈሮች ታሪክ ከአያት ታሪክ ጋር አይገናኝም።

ዓመተ ምሕረቱን ተጠንቀቁ

ሌላው መንገድ የሚያስተው ነገር የቀን አቆጣጠራችን ነው። አብዛኞቹ ሪፖርቶች በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለሆኑ ዓመቱን የሚያስቀምጡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ብዙዎቹ ደግሞ «2015/16» በሚል መልክ ሁለት ዓመት ይጠቅሳሉ። ይህ ሁለት ጥናት ማለት አይደለም፤ ከሐምሌ እስከ ሰኔ የሚሄደው የእኛ የ2008 በጀት ዓመት ማለት ነው። የ1999ን ቆጠራ የሚፈልግ ሰው «2007» ብሎ ካልፈለገ አያገኘውም። ያንኑ ቆጠራ በተመለከተ ደግሞ አፋርና ሶማሌ ክልሎች የተቆጠሩት ዘግይቶ በኅዳር 2000 መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

በአማርኛ የተዘጋጁትን የቆዩ ሰነዶች በአማርኛ ቃል መፈለግም ብዙ ጊዜ አይሳካም። በዚያ ዘመን የምንጽፍባቸው የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች ዛሬ ከምንጠቀምበት ዩኒኮድ የተለዩ ስለነበሩ፣ ለዓይን «የካ» የሚነበበው ለኮምፒውተሩ ትርጉም የሌለው ምልክት ነው። የቦታ ስሞችም በላቲን ፊደል ሲጻፉ ከሰነድ ሰነድ ይለያያሉ። አንድ አጻጻፍ ካልሠራ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መሞከር ግድ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ከቃል ፍለጋ በፊት ማውጫውን ማንበብ ነው። እያንዳንዱ ሪፖርት መግቢያው ላይ ምን እንደተጠና፣ ማን እንደተጠየቀ፣ ማን እንደቀረ ይናገራል። ሰንጠረዡን ብቻ ቆርጦ የሚሄድ አንባቢ ይህንን ያጣል።

ባዶው መደርደሪያ

እስካሁን ያልኩት መንገድ ስለማሳየት ነው። ነገር ግን መንገዱን በሚገባ የሚያውቅ ሰውም ቢሆን በመጨረሻ የሚደርሰው ባዶ መደርደሪያ ፊት ነው። ዋናው ጉዳይ ይህ ነው።

የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 103 ንዑስ አንቀጽ 5 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዝዛል። በዚህ ሒሳብ አራተኛው ቆጠራ በ2009 ዓ.ም. መካሄድ ነበረበት። ከመቶ ሺህ በላይ ታብሌቶች ተገዙ፣ የቆጠራ ካርታ ተዘጋጀ። ከዚያ ጊዜው ተገፋ፤ እንደገና ተገፋ። በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በጸጥታ ምክንያት ለአንድ ዓመት እንዲራዘም ወሰኑ። በ2012 ኮሮና መጣ፤ ቀጥሎ ጦርነት። በ1999 የቆጠራ ሰሞን የተወለደ ሕፃን ዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት አልፎታል። አገሩ ግን አንድም ጊዜ አልቆጠረውም።

ውጤቱን ለማየት ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ለ2022 የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ትንበያ ኢትዮጵያ 105 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ አላት ሲል፣ የተባበሩት መንግሥታት ግምት 123 ሚሊዮን ነበር። ልዩነቱ ወደ 18 ሚሊዮን ነው። በ1999 ቆጠራ መላው የአማራ ክልል 17.2 ሚሊዮን ሕዝብ እንደነበረው እናስታውስ። አንድ ሙሉ ክልል የሚያክል ሕዝብ በሁለት ወረቀቶች መካከል ይኑር አይኑር አናውቅም ማለት ነው። አዲስ አበባን ብንወስድ፣ የአገር ውስጡ ትንበያ አራት ሚሊዮን ሳይሞላ የተባበሩት መንግሥታቱ አምስት ሚሊዮንን ያልፋል። ውኃ፣ አውቶቡስ፣ መማሪያ ክፍል የሚታቀደው ለየትኛዋ አዲስ አበባ ነው?

ጉዳዩ የዕቅድ ብቻ አይደለም። ያው አንቀጽ 103 የምርጫ ክልሎች የሚወሰኑት በቆጠራው ውጤት መሠረት እንደሆነ ይናገራል። አዲስ አበባ 2.1 ሚሊዮን ሰው በተቆጠረባት ዘመን በተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫ ነበራት፤ በ2013 ምርጫም 23 ነበሩ። ለክልሎች የሚከፋፈለው የፌዴራል ድጎማ ቀመርም የሕዝብ ቁጥርን ይመለከታል። ቁጥር በዚህ አገር ውክልና ነው፤ በጀትም ነው።

ለዚህም ነው ቁጥር ጠብ የሚያስነሳው። በ1999 የተካሄደው ቆጠራ ውጤት በ2001 ዓ.ም. ለምክር ቤት ሲቀርብ፣ የአማራ ክልል ቁጥር ከተጠበቀው በ2.4 ሚሊዮን ማነሱ ከፍተኛ ጥያቄ አስነስቶ ነበር። የአዲስ አበባውም ውጤት ወደ ሦስት ሚሊዮን ይጠጋ ከነበረው ትንበያ በታች ነው የሆነው። የትኛው ተሳስቶ ነበር፣ ትንበያው ወይስ ቆጠራው? እስከ ዛሬ የሚከራከሩ አሉ። እኔ ከዚያ ክርክር የወሰድኩት ትምህርት አንድ ነው። ሕዝብ ቁጥርን የሚያምነው ራሱ ገብቶ ሊመረምረው ሲችል ነው። የሚመረመርበት በር ከጠበበ፣ ትክክለኛውም ቁጥር ቢሆን በሐሜት ይሸነፋል።

አገር ሰላም ሳይሆን ቆጠራ ይካሄዳል ወይ? የሚል ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። ተቃውሞው ሚዛን ይደፋል። ግማሽ አገር ቆጥሮ ግማሹን መተው አዲስ ጠብ መጋበዝ ነው። ናይጄሪያም ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ አልቆጠረችም። ኬንያ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ሕዝቧን በታብሌት ቆጥራ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ 47.6 ሚሊዮን መሆኑን አሳውቃለች፤ ዝርዝሩንም እስከ ታችኛው የአስተዳደር እርከን ድረስ አውጥታለች። ቆጠራውን ማዘግየት ሊያስፈልግ ይችል ይሆናል። ያለውን ቁጥር በግልጽ ማስቀመጥ ግን ሰላም እስኪወርድ የሚጠበቅበት ሥራ አይደለም።

ምን ይደረግ?

ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይመስለኝም። አንደኛ፣ ድረ ገጹ ለጎብኚ በአማርኛና በሌሎች የአገር ውስጥ ቋንቋዎች የተጻፈ የአንድ ገጽ መመሪያ ይኑረው፤ የትኛው ቆጠራ፣ የትኛው ትንበያ፣ የትኛው ናሙና እንደሆነ የሚለይ። ሁለተኛ፣ በየሪፖርቱ ርዕስ ላይ ሁለቱም ዓመተ ምሕረት ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ወሰን ሲቀየር የድሮው ቁጥር በአዲሱ ወሰን ተሰልቶ ይቀመጥ። የ1999 ቆጠራ እስከ ቀበሌ ስለወረደ፣ የዛሬው የካና የዛሬው ለሚ ኩራ ያን ጊዜ ስንት ሕዝብ እንደነበራቸው ማስላት የሚያስቸግር አይደለም። አራተኛ፣ ስምና አድራሻ ሲቀየር የድሮው አድራሻ ወደ አዲሱ ይምራ። ቤት የለወጠ ሰው እንኳ በድሮው በር ላይ ወረቀት ለጥፎ ይሄዳል።

እኛም ተጠቃሚዎቹ ነፃ አይደለንም። «ምንጭ፦ ስታቲስቲክስ» ብሎ መጻፍ «ምንጭ፦ ሰው ነገረኝ» እንደ ማለት ነው። የሪፖርቱን ርዕስ፣ ዓመቱን፣ የሰንጠረዡን ቁጥር መጻፍ ይልመድብን።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። ከሰዓት በኋላ ሰነዱን አብረን አስተካከልነው። የሕዝብ ቁጥር በሚለው ሣጥን ውስጥ 346,664 ብለን ጻፍን፤ ቀጥለንም «በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ፣ ለሚ ኩራ ከመቆረሱ በፊት በነበረው ወሰን» የሚል ጨመርን። ሌሎቹን ሁለት ቁጥሮች አወጣናቸው። ለማገዶ ተሸካሚዎቹ ግን የምንጽፈው አላገኘንም። እነዚህ ሴቶች ጠዋት ከየካ ሰፈራቸው ወጥተው፣ የእንጦጦን ሸንተረር ይዘው፣ አንዳንዴም በጉለሌ በኩል ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ ናቸው። በአንድ ቀን የሁለት ክፍለ ከተማ ወሰን ይሻገራሉ። ከላይ ባየናቸው ጥናቶች ውስጥ «ኢ-መደበኛ ሥራ» በሚለው ሰፊ ከረጢት ገብተው ይጠፋሉ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት ጫካው ምን ያህል እንደተለወጠ ሁላችንም አየን። የማገዶዎቹ ሴቶች ስንት እንደነበሩ፣ ስንቱ ሌላ ሥራ እንዳገኙ የሚነግረን ሰንጠረዥ ግን የለም።

«ታዲያ ምን ልጻፍ?» ስትለኝ፣ «ውጪና ቁጠሪ» አልኳት። ሰኞ ማለዳ ከማኅበሩ እናቶች ከሁለቱ ጋር ከፈረንሳይ በላይ ባለው መንገድ ዳር በደብተር እየመዘገበች መቆሟን ነግራኛለች። ለሁለት ሳምንት ትቀጥላለች። ለአንድ ማቆያ ይበቃ ይሆናል። ለአንድ አገር ግን ደብተር አይበቃም።